ቅዳሜ የተመታ ችንካር

ባለፈው አርብ ከሰዓት በኋላ ኔታንያ፣ ዐጋሚም ሰፈር ባለው የልጄ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጬ ሐብሐብ ስበላ ስልኬ ደጋግሞ ጮኸ። ሙቀቱ ከባድ ነበር። ከባሕሩ የሚነሣው ነፋስ ያን ሁሉ ፎቅ አልፎ እኛ ዘንድ እስኪደርስ እሱም ይደክመዋል መሰለኝ። እጄን በሱሪዬ ጠርጌ ስከፍተው ግርማ ነው። ግርማ አዲስ አበባ ሁለተኛ ደረጃ አብረን የተማርን፣ ጡረታ ከወጣ ወዲህ የቀድሞ ተማሪዎች ኮሚቴ ጸሐፊ የሆነ ሰው ነው። የተማርንበትን የግል ትምህርት ቤት ታሪክ የሚተርክ መጽሔት አዘጋጅተው ኖሮ፣ ከመታተሙ በፊት እንዳየው ብሎ ልኮልኛል። ከሥሩ «አንብበህ ተደሰት» ይላል።

አነበብኩት፤ አልተደሰትኩም። የትምህርት ቤቱ ታሪክ የአንድ ሰው ታሪክ ሆኖ ተጽፏል። መሥራቹ አሰቡ፣ መሥራቹ ደከሙ፣ መሥራቹ አሠሩ። በመሐል አንድ ሙሉ ገጽ የያዘ የዋናው በር ፎቶ አለ። ባለ ሁለት ክንፍ የብረት በር ነው፣ ከላዩ ላይ የገብስ ዛላ በተርታ የቆመበት። ከፎቶው ሥር እንዲህ ይላል፦ «ይህ ውብ በር በመሥራቹ ብርቱ ጥረት ከባሕር ማዶ ተሠርቶ፣ በመርከብና በባቡር ተጓጉዞ የመጣ ነው።»

ሐብሐቡን ትቼ ተነሣሁ። በሩን የሠራው አባቴ ነው።

የትምህርት ቤቱን ስም እዚህ አልጽፈውም። እነሱ የአባቴን ስም አልጻፉም፣ እኔም የእነሱን አልጽፍም። ቂም ነው የሚል ካለ፣ አዎ፣ ቂም ነው።

ነገሩ የሆነው ከአብዮቱ ጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ትምህርት ቤቱ ሲጀመር በኪራይ ቤት ውስጥ ያሉ ሁለት ክፍሎች ነበሩት። ዝናብ ሲመጣ ቆርቆሮው ስለሚያደነቁር መምህሩ ጠመኔውን አስቀምጦ እኛን እያየ ይቀመጥ ነበር። የመንግሥት ትምህርት ቤት ቦታ ያጣ፣ በዕድሜ የገፋ፣ ሁለቴ የወደቀ ሁሉ እዚያ ይገባል። በኋላ ዳይሬክተሩ፣ መጽሔቱ መሥራቹ የሚለው ሰው፣ የራሱን መሬት ገዝቶ በድንጋይ አሠራው። ያን ጊዜ ሳናግረው አንቱ እለው ነበር። አሁን አልልም። ሰባ ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ ማንን አንቱ እንደምል የመምረጥ መብት ያለኝ ይመስለኛል።

አባቴ ቀጥቃጭ ነበር፤ እምነታችን የአይሁድ ነው፣ ሰንበታችንም ቅዳሜ። ከጎንደር ገጠር ወጥተን አዲስ አበባ ጉለሌ ስንሰፍር ይዞት የመጣው ወናፉን፣ መስፉን፣ ጉጠቱንና አንድ መዶሻ ነው። የሰፈሩ ሰው ቀን ቀን ማጭዱን ሊያስስል፣ መጥረቢያውን ሊያስጠግን ይመጣል። ልጁ ሆዱን ባመመው ጊዜ ደግሞ ወደ ቤታችን እያየ «ቡዳ በላብኝ» ይላል። አባቴም በበኩሉ ከእነሱ ጋር ተጨባብጦ ሲመለስ፣ ደጃፉ ላይ ካስቀመጠው ባልዲ እጁን እስከ ክንዱ ሳይታጠብ ወደ ቤት አይገባም። ወንዝ የለማ፤ በአገራችን ቢሆን ወንዝ ገብቶ ነበር የሚታጠበው። እነሱ ይፈሩናል፣ እኛ ደግሞ ባዕድ መንካት ያረክሳል እንላለን። ልጅ ሆኜ የትኛው ወገን እብድ እንደሆነ አጥብቄ አስብ ነበር፣ አሁን ሁለቱም ይመስሉኛል።

ትምህርት ቤቱ የተቀበለኝ አባቴ አግዳሚ ወንበሮቹን ስለጠገነ ነው። አዲሱ ግቢ ሲያልቅ ዳይሬክተሩ በር እንዲሠራለት አዘዘው። አባቴ ክረምቱን በሙሉ በዚያ በር ላይ ዋለ። ብረቱ ከድሮ የጭነት መኪና የወጣ ነበር። እኔ ትምህርት ተዘግቶ ስለነበር ወናፍ እነፋለሁ፣ ከሰሉ ረጥቦ እየጨሰ ዓይናችንን ያቃጥለዋል፣ ምሳችን በሶና ንፍሮ ነው። የገብሱን ዛላ አንድ በአንድ ቀጥቅጦ፣ በሞረድ አበጥሮ ሲጨርስ ሥራ ፈትቶ በፊቱ ይቆማል። አባቴ የሚያወራ ሰው አልነበረም። አንድ ቀን ግን ዛላውን በጣቱ እየነካ «ነፋስ ቢመጣ የሚወዛወዝ አይመስልህም?» አለኝ። እንደዚያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።

የምረቃው ቀን ለጥቅምት፣ ለቅዳሜ ተቆረጠ። ጭቃው ደርቆ፣ በየመንገዱ ዳር እሸት በቆሎ የሚጠበስበት ጊዜ ነው። በሩ እስከ ሐሙስ ሊያልቅ ተቃርቦ ነበር። ሐሙስ ዕለት ዳይሬክተሩ መጣና ከላይ የትምህርት ቤቱ ስም በብረት ፊደል ካልተጻፈበት አልቀበልም አለ። አባቴ ማንበብ አይችልም። እኔ በከሰል መሬት ላይ እየጻፍኩ፣ እሱ እያየ፣ ፊደሎቹን አንድ በአንድ አጥፎ አወጣቸው። አርብ ጀምበር ስታዘቀዝቅ ፊደሎቹ ተሰቅለው፣ ግራው ክንፍ ቆሞ፣ የቀኙ ክንፍ የታችኛው ማጠፊያ አንዲት ችንካር ብቻ ቀርታው ነበር። አባቴ መዶሻውን ጠረገና ወደ ሳጥኑ ከተተው። ክንፉ በድንጋይ ተደግፎ ቆመ።

ዳይሬክተሩ ከሁለት መምህራን ጋር ከቢሮው ወጣ።

«ምን ሆነህ ነው? አንዲት ችንካር ቀርታህ ትሄዳለህ?» አለው። በዕድሜ ለአባቴ ልጁ ይሆነው ነበር።

«ቀኑ መሸብኝ፣ ጌታዬ» አለ አባቴ። «ችንካሩ ግሎ ነው የሚመታ። እሳት ለኩሼ፣ አግዬ፣ መትቼ እስክጨርስ ሰንበት ይገባብኛል። እሁድ ጠዋት እጨርሰዋለሁ።»

«እንግዶቹ የሚመጡት ነገ ነው እኮ።»

«እሁድ ቢመጡ ምናለ?»

መምህራኑ ሳቁ። አባቴ የሚያስቅ ነገር የተናገረ አልመሰለውም። ሳጥኑን ትከሻው ላይ አድርጎ ሄደ።

ዳይሬክተሩ እኔን ቢሮ አስገባኝ። ጠረጴዛው ላይ ነጭ ወረቀት ነበር፣ የነገው ንግግር መሆኑ ነው። «አባትህ ግትር ነው» አለኝ፣ «አንተ ግን የተማርክ ልጅ ነህ። ነገ ጠዋት በሩ ቆሞ ካገኘሁት በእንግዶቹ ፊት የአባትህን ስም ጠርቼ አስጨበጭብለታለሁ።» ካልቆመስ አላለም። ማለትም አላስፈለገውም፤ አባቴ ጠግኖ እኔን ወዳስገባበት አግዳሚ ወንበር አየ።

እንግዲህ አስራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ዕድሜዬን ለይቅርታ አላቀርብም፣ በአስራ ስድስት ዓመት ሰው ክፉውንና ደጉን ያውቃል። ግን የቀጥቃጭ ልጅ ሆኖ ያላደገ ሰው ያ ተስፋ ምን እንደሆነ አይገባውም። በአባቴ ላይ ፊቱን የሚያዞር ሰው ሁሉ ሙሉ ልብስ ለብሶ ተሰብስቦ፣ ስሙ ሲጠራ ሲያጨበጭብለት! ያን ብቻ ነበር የማስበው።

ቅዳሜ ጠዋት ሆዴን አመመኝ አልኩ። አባቴ ነጭ ልብሱን ለብሶ፣ የኛ ሰዎች ወደሚጸልዩበት ወደ አንድ ሽማግሌ ቤት ሊሄድ ተነሥቶ ነበር። መዳፉን ግንባሬ ላይ አደረገ። «ተኛ፣ ልጄ። ዳቦው በጨርቅ ተሸፍኗል፣ ሲሻልህ ቅመስ» ብሎኝ ወጣ። የዚያ መዳፍ ሻካራነት እስካሁን ግንባሬ ላይ አለ።

እግሩ እንደራቀ ተነሣሁ። መዶሻውንና ችንካሩን ከሳጥኑ አውጥቼ በሹራቤ ጠቀለልኳቸው። ግርማ ከትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት ነበር የሚኖረው፣ ቀሰቀስኩት። እሱ የበሩን ክንፍ በትከሻው ደግፎ አነሣልኝ፣ እኔ መታሁ። እሳት የለኝም፤ ሰንበት እየሻርኩ እሳት ማንደድ ግን ፈራሁ። እንዲህም ያለ ፍርሃት አለ፣ ግማሹን ኃጢአት ትሠራና ግማሹን ትፈራለህ። ችንካሩ ቀዝቃዛ ስለነበር አልታዘዘም። አምስተኛው ምት ላይ ጎበጠ፣ ስድስተኛው ላይ እንደጎበጠ ገባ። ክንፉ አንድ ጣት ያህል ዘመም ብሎ ቆመ።

«ማንም አያየውም» አለ ግርማ፣ ትከሻውን እያሸ።

እንግዶቹ በሦስት ሰዓት መጡ። ሪባን ተቆረጠ፣ ተጨበጨበ። ዳይሬክተሩ ወረቀቱን አውጥቶ አነበበ። የሁለቱን ክፍሎች ታሪክ ተናገረ፣ ግንበኞቹን አመሰገነ፣ የሰጡትን ሁሉ አመሰገነ። ከዚያ ወደ በሩ እጁን ዘርግቶ «ይህም በር ከባሕር ማዶ ያስመጣነው ነው» አለ። ሰዉ ዞሮ አየው፣ አንዲት ሴትዮ የገብሱን ዛላ አይታ «ያምራል፣ የፈረንጅ ሥራ» አለች። እኔ ግን አሁንም እጠብቅ ነበር። ንግግሩ ሲያልቅ ጠበቅሁ፣ ለስላሳ መከፈት ሲጀምርም ጠበቅሁ። ረስቶት ነው ብዬ ወደ እሱ ሄድኩ።

«ጌታዬ፣ የአባቴን ስም...»

ጎንበስ ብሎ በጆሮዬ ተናገረኝ። «ማን እንደሠራው ቢያውቁ፣ እነዚህ ወላጆች ልጆቻቸውን በዚህ በር የሚያሳልፉ ይመስልሃል? ለትምህርት ቤታችን ብለህ ቻለው።» ትከሻዬን መታ መታ አደረገና አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ሰጠኝ።

ጠጣሁት። የብርቱካን ነበር፣ ቀዝቃዛ። በሕይወቴ ብዙ ሰው አናዶኛል፣ እዚህም እዚያም። እንደዚያ ጠርሙስ ግን የሚያናድደኝ ነገር የለም። ዳይሬክተሩ ዋሸ፣ መዋሸት ሥራው ነበር። እኔ ለምን ጠጣሁት?

እሁድ ጠዋት አባቴ ችንካሩን ከሳጥኑ ሲያጣው ቆጥሮ የተሳሳተ መስሎት ሌላ ሠራ፣ ከሰልና ማንደጃ ተሸክሞ እኔን አስከትሎ ሄደ። መንገዱን ሙሉ ልነግረው አፌን ከፍቼ እዘጋለሁ። በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ። ማንደጃውን አስቀምጦ ተንበረከከና ማጠፊያውን አየ። የጎበጠውን አናት በአውራ ጣቱ ዳሰሰው።

«ቀዝቃዛውን መቱት» አለ፣ ለራሱ። ቀጥሎ ቀና ብሎ አየኝ። «ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«መቼ?»

ወደ ማጠፊያው አየሁ። እሱም ገባው።

«ስምህን በሰው ፊት ሊጠራልህ ቃል ገብቶልኝ ነው» አልኩ።

«ጠራው?»

«አልጠራውም።»

አባቴ ተነሣ። ይመታኛል ብዬ ጠበቅሁ፣ ቢመታኝ ደስ ባለኝ። መዳፉን ገብሱ ላይ አሳርፎ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ከመጸዳጃ ቤቱ አጠገብ ወዳለው ቧንቧ ሄዶ እጁን ታጠበ። እስከ ክንዱ፣ እያሸ፣ ከባዕድ ጋር ተነካክቶ እንደመጣ። ክረምቱን ሙሉ የደከመበትን በር ነክቶ ታጠበ። ዘበኛው ምን እንደሚያደርግ ስላልገባው ፈገግ ብሎ ያየው ነበር።

«ነቅለህ ሌላ ምታበት፣ አባዬ» አልኩት።

«በሰንበት የተመታ ነው» አለ። «እኔ ይህን በር አላውቀውም።»

ወደ ቤት ስንመለስ ፊት ፊት ሄደ። በዚያ መዶሻ ዳግም አልሠራበትም፣ ሌላ አበጀ። እኔን ሰደበኝ ወይም ረገመኝ ብል ውሸት ነው፣ ከዚያ ቀን በኋላ ስለ በሩ አንድ ቃል አልተነፈሰም። እኔም አልጠየቅሁትም። ዝምታው ግን ከእኛ ጋር ኖረ፣ ከእኛም ጋር በአውሮፕላን መጣ።

የትምህርት ቤቱ ቀሪ ታሪክ አጭር ነው። አብዮቱ ሲመጣ ተወረሰ። አባቴ ሐሙስና አርብ የደከመባቸውን ፊደሎች በመጋዝ ቆርጠው ጣሏቸው። ሥርዓቱ ሲወድቅ ለዳይሬክተሩ ልጆች ተመለሰ፣ አሁን መስታወት የለበሰ ባለ አራት ፎቅ ነው አሉ። በሩ ግን አለ። አባቴ እዚህ ኔታንያ መጥቶ፣ ኪርያት ሀሻሮን በሚባል ሰፈር ስንኖር፣ ሲሸመግል በየፎቁ ግቢ እየዞረ የብረት በሮችን ማጠፊያ ጎንበስ ብሎ ያይ ነበር። ጎረቤቶች ሌባ እንዳይመስላቸው እሰጋ ነበር። ምን እንደሚፈልግ ግን አውቅ ነበር።

አርብ ዕለት ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ መጣብኝና ለግርማ ደወልኩ።

«ትከሻህን አስደግፈህ ያነሣኸውን በር ከባሕር ማዶ መጣ ትላለህ?»

«አዳነ፣ እኔ ከመሥራቹ ንግግር ነው የገለበጥኩት። የተጻፈ ማስረጃ እሱ ነው» አለኝ።

«አንተስ? አንተ ማስረጃ አይደለህም? ትከሻህ ማስረጃ አይደለም?»

«የሚያሳትሙት ልጆቻቸው ናቸው። አሁን ያን የድሮ ነገር...»

ከዚያ በኋላ ያልኩትን አልጽፈውም። ድምፄ ከበረንዳው አልፎ ታች ድረስ ተሰምቷል። ለሰንበት ከሠራዊቱ ፈቃድ ወጥታ የመጣችው የልጅ ልጄ ኖዓ ከመታጠቢያ ቤት ጸጉሯ እንደረጠበ ወጣች።

«ሳባ፣ ማ ካራ?» ምን ሆንክ፣ አያቴ፣ ማለቷ ነው። «ከማን ጋር ነው የምትጣላ?»

ነገርኳት። ከዚህ በፊት ለማንም አልነገርኩም ነበር። ቆማ ሰማችኝ፣ ውኃው ከጸጉሯ ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል። «ደግ አደረግህ የጮኽህ» አለችኝ፣ እንደ እኔው በጎንደርኛ።

ሰንበት ሊገባ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ግርማ መልሶ ደወለ። ድምፁ የድል ነበር። «ኮሚቴውን አሳመንኩ። አንድ መስመር ፈቅደዋል። የአባትህን ስም እስከ አያት ላክልኝ፣ አስገባዋለሁ።»

ሃምሳ ዓመት ያህል የጠበቅሁት ይህንን ነው። ስልኩን አስቀምጬ ስሙን መጻፍ ጀመርኩ። ሁለት ፊደል ጽፌ እጄ ቆመ። «እኔ ይህን በር አላውቀውም» ብሏል እኮ። ራሱ ታጥቦ በተወው በር ላይ፣ እኔ ከሞተ በኋላ ስሙን ልለጥፍ? ያ ችንካር ካልተጻፈ፣ ያ ቅዳሜ ካልተጻፈ፣ ያ ለስላሳ ካልተጻፈ፣ አንዱን ውሸት ነቅሎ ሌላ መትከል ነው። ለግርማ ይህንኑ ነገርኩት።

«ለመታሰቢያ መጽሔት እንዲህ ያለ ነገር ይጻፋል?» አለ። ግን ጥሩ ሰው ነው፣ «እሺ፣ ጻፈው። እሟገታለሁ። ብቻ ነገ ጠዋት ይድረሰኝ፣ በአራት ሰዓት ማተሚያ ቤት ይገባል።»

«ነገ ቅዳሜ ነው» አልኩት።

«አዎ፣ ቅዳሜ ነው። እና?»

«እሁድ ጠዋት እጨርሰዋለሁ።»

ይህን ካልኩ በኋላ ነው የማን ቃል እንደሆነ የገባኝ። «እሁድማ ታትሟል» አለ ግርማ።

«ይታተም።»

ኖዓ አጠገቤ ነበረች። «ሽኒያ፣ አንድ ሰከንድ ነው፣ ሳባ፣ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ስሙን ብቻ ላከው፣ ከምንም ይሻላል» አለችኝ። ስልኩን አጥፍቼ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ልትከራከረኝ ነበር፣ ፊቴን አይታ ተወችው።

አሁን እሁድ ጠዋት ነው። መጽሔቱ ትናንት ታትሟል፣ በሩም እንደገና በመርከብና በባቡር መጥቷል። ንዴቴ አልበረደም፣ እንዲበርድም አልፈልግም። ፎቶውን አጉልቼ አየሁት፦ የቀኙ ክንፍ ዛሬም አንድ ጣት ያህል ዘመም ብሏል፣ ችንካሩ እዚያው አለ። ስለዚህ ለሚያነብ ሁሉ፣ በራሴ ቀን፣ በራሴ እጅ እጽፈዋለሁ። በሩን የሠራው ዋሴ ተገኘ ነው፣ ቀጥቃጭ፣ የጎንደር ሰው። በሰንበት ያበላሸው ልጁ አዳነ ነው። አባቴ ማንበብ አይችልም ነበር። ቢኖር ግን ይህን ወረቀት በመዳፉ ይዞት፣ ሳይታጠብ ወደ ቤቱ ይገባ ነበር።